የፋብሪካን መጥፎ አየር የሚበሉ ጥቃቅን ሠራተኞች

በሬዲዮ ያቀረብነውን ንግግር ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁም ቁጥሮቹን በእጃችሁ እንድትይዙ እነሆ በጽሑፍ አውጥተነዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ርእሳችን አየር ነው። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራዬ ወደየቤታችሁ ስመጣ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «አንዳንድ ቀን መስኮት ስንከፍት ከፋብሪካ በኩል መጥፎ ሽታ ይገባል። ልጁን ያስለዋል፣ እኔንም ራሴን ያመኛል። ግን ለማን ይነገራል? ፋብሪካው ቢዘጋስ? እንጀራችን እኮ ከዚያ ነው!» ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ሁለት ፍርሃት ይዟል፤ አንዱ የጤና ነው፣ ሌላው የእንጀራ ነው። ብዙ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለበት ስለሚመስለው ዝም ይላል።

እኔ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩትና ከጠየቅሁት የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ፋብሪካ ሳይዘጋ፣ ሠራተኛም ሳይባረር አየሩን ማጽዳት የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ለእናንተ እንግዳ የማይሆን ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚሠሩት በሊጥ ዕቃችሁ ውስጥ ካሉት ጋር የሚዛመዱ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። በዕብራይስጥም በሌሎች ቋንቋዎችም መሣሪያው «ባዮፊልተር» ይባላል፤ በእኛ አባባል ሕይወት ያለው ማጣሪያ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ከተማችን

የፔታሕ ቲክቫ ታሪክ ራሱ ከመጥፎ አየር ጋር የተያያዘ ነው። በ1878 ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁድ በያርኮን ወንዝ አጠገብ ይህችን ቦታ ሲመሠርቱ አካባቢው ረግረግ ነበር። ወባ ጨረሳቸው፤ ብዙዎቹ ቦታውን ትተው ወደ ይሁድ ሸሹ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተመለሱ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ወባ የሚመጣው ከረግረግ ከሚነሳ መጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ፈረንጆች «ማላሪያ» የሚሉት ቃል ራሱ በጣልያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1897 ነው። ሰፋሪዎቹ እኛ በአገራችን የምናውቀውን ባሕር ዛፍ እየተከሉ፣ ውኃውን እያፋሰሱ ረግረጉን አደረቁት።

ይህን የማነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ቁም ነገሩ፣ አየሩን በመርገም ብቻ የተገኘ መፍትሔ አለመኖሩ ነው። ምንጩ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው መድኃኒቱ የተገኘው። ዛሬ ረግረጉ የለም፤ በምትኩ እንደ ቂርያት አርዬና ሰጉላ ያሉ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች አሉን። ብዙ ወገኖቻችን በእንደነዚህ ዓይነት ሰፈሮች ውስጥ ይሠራሉ፣ ያጸዳሉ፣ ያሽጋሉ፣ ዘብ ይቆማሉ። ስለዚህ ከፋብሪካ ምን ሊወጣ እንደሚችል ማወቅ ይጠቅመናል።

ከፋብሪካ የሚወጣው ምንድን ነው?

በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ነው፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት፣ አቧራ። በአገራችን ማድ ቤት ግድግዳውን የሚያጠቁረው ዓይነት ነው። ይህን የሚይዙት በጨርቅና በሌላ ዘዴ የሚሠሩ ሌሎች ማጣሪያዎች ናቸው፤ የዛሬው ንግግራችን ስለ እነሱ አይደለም።

ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ ጋዝ ወይም እንፋሎት ይባላል። ቀለም የሚቀባበት ፋብሪካ ወይም ማተሚያ ቤት ስንደርስ የሚሸተን ቲነር መሰል ሽታ፣ ፕላስቲክ ከሚሠራበት ቦታ የሚወጣው ሽታ፣ ሥጋና ዓሣ ከሚዘጋጅበት፣ ቆሻሻ ከሚከማችበትና ከፍሳሽ ቦይ የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። የእንቁላሉ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፤ በውስጡ ድኝ አለበት። ቲነር ውስጥ ከሚገኙት ደግሞ አንዱ ቶሉዊን የሚባለው ነው። እነዚህ ነገሮች መጠናቸው ሲበዛ ዓይን ያቃጥላሉ፣ ራስ ያሳምማሉ፣ ያቅለሸልሻሉ፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ መተንፈስን ያከብዳሉ።

ይህን ጋዝ ለማጥፋት ፋብሪካዎች የቆየ ዘዴ አላቸው፤ በከፍተኛ ሙቀት ያቃጥሉታል፣ ወይም በኬሚካል ያጥቡታል፣ ወይም በከሰል እንዲጠጣ ያደርጋሉ። ሁሉም ይሠራል፤ ግን ማቃጠያው ነዳጅ ይፈልጋል፣ ማጠቢያው ኬሚካል ይፈልጋል፣ ከሰሉም ሲሞላ መለወጥ አለበት። ጋዙ ብዙ አየር ውስጥ በጥቂቱ የተበተነ ሲሆን ያን ሁሉ አየር ማቃጠል በጣም ውድ ነው። ባዮፊልተር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

እናንተ የምታውቋቸው ሠራተኞች

እስቲ እርሾን እናስብ። እናቶች ጤፉን አቡክተው እርሾ ጨምረው ያስቀምጡታል። ማንም ሳይነካው በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ኩፍ ይላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ሥራውን የሠራው ማን ነው? በሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና ሌሎች በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ዱቄቱን በሉት፣ አየር አወጡ፣ ጣዕሙን ለወጡት።

ሌላም ምሳሌ አለ። በገጠር ከበረት የሚወጣው ፍግ መጀመሪያ ይሸታል። ተከምሮ ሲከርም ግን ሽታው ይጠፋና ጥቁር አፈር ይሆናል። የሚሸት ነገር ሲኖር ወላጆቻችን «አፈር አልብሱት» ይሉ ነበር። አፈሩ ሽታውን እንደ ክዳን አፍኖ ብቻ አላስቀረውም፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚወጣውን ጋዝ እየበሉት ነበር። አባቶቻችን ስሙን ሳያውቁት አሠራሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ሳይንስም ይህንኑ ቀስ በቀስ አረጋግጧል። ከዩክሬን ተሰዶ በ1910 አሜሪካ የገባ ዘልማን ዋክስማን የሚባል አይሁዳዊ ነበር። እሱም እንደ እናንተ ስደተኛ ነው፤ የተማረውም ስለ አፈር ነው። በ1922 ከባልደረባው ከያዕቆብ ጆፌ ጋር ሆኖ ድኝ የሚበላ፣ ድኙንም ወደ አሲድ የሚለውጥ የአፈር ባክቴሪያ አገኘ። ይኸው ሰው ከተማሪው ከአልበርት ሻትዝና ከሌሎች ጋር በ1943 ከአፈር ሕያዋን ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አስገኝቷል፤ በ1952ም የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአገራችን በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ዘመድ ያላቸው ሰዎች የዚህን መድኃኒት መርፌ ሳያውቁት አይቀሩም። ስለዚህ ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ የሚያሳምም አለ፣ የሚያገለግልም አለ።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ባዮፊልተር ሲታይ የሚያስገርም ነገር የለውም። ትልቅ ሣጥን ወይም በግንብ የተከበበ መደብ ነው። በውስጡ ብስባሽ አፈር፣ የእንጨት ስንጥር፣ የዛፍ ልጥ ወይም የኮኮናት ጭረት ይሞላበታል። ከፍታው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ተዘርግተዋል።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። አንደኛ፣ በፋብሪካው ውስጥ ያለው የተበከለ አየር በትልቅ ማራገቢያ ተስቦ በቧንቧ ይወጣል። ሁለተኛ፣ አየሩ በውኃ ርጭት ውስጥ ያልፋል፤ ይረጥባል፣ ከፍተኛ ሙቀት ካለውም ይቀዘቅዛል። ሦስተኛ፣ በመደቡ ሥር ገብቶ ቀስ እያለ በእንጨቱና በብስባሹ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። በእያንዳንዱ ስንጥር ላይ ስስ የውኃ ሽፋን አለ፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። ጋዙ ወደ ውኃው ይገባል፣ ባክቴሪያዎቹም ይበሉታል። አራተኛ፣ ከላይ የሚወጣው አየር በአብዛኛው ንጹሕ ነው። ቶሉዊን የመሰለው ነገር ወደ ውኃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጧል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው ነው።

ማን ምን ይበላል ብትሉ፣ ቲዮባሲለስ የሚባሉት ድኝ ያለበትን የእንቁላል ሽታ ይበላሉ። ፕሲዶሞናስ ፑቲዳ የሚባለው ደግሞ ቶሉዊንን እንደ ምግብ ይጠቀማል። በአንድ መደብ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ ይኖራል፤ የሚመጣላቸውን ምግብ እየለመዱ ይራባሉ። ስለዚህ አዲስ መደብ በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። አዲስ አገር የገባ ሰውም እንዲሁ ነው።

ለመብላት ጊዜ ይፈልጋሉ። አየሩ በመደቡ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ መቆየት አለበት። ይህን በሒሳብ እንየው። አንድ ፋብሪካ በሴኮንድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ያወጣል እንበል፤ አየሩም 45 ሴኮንድ መቆየት አለበት እንበል። እንግዲያው 45 ኪዩቢክ ሜትር መደብ ያስፈልጋል። ከፍታው አንድ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 45 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ትንሽ አፓርታማ ወለል ያህል ማለት ነው። ፋብሪካው አሥር እጥፍ ቢያወጣ ቦታውም አሥር እጥፍ ይሆናል። የባዮፊልተር ትልቁ ችግር እንግዲህ ቦታ መፈለጉ ነው። ጥቅሙ ደግሞ ነዳጅ አለመፈለጉና ወጪው ማነሱ ነው። ተስማሚ ሆኖ ሲገኝና በደንብ ሲያዝ የእንቁላሉን ሽታ ከመቶ 95 እጅና ከዚያም በላይ ማጥፋት ይችላል።

ምን ይገድላቸዋል?

የባዮፊልተር ጉዳይ የሚወሰነው በአያያዙ ነው። እርሾ የምትይዝ እናት ይህን ክፍል ከማንም በፊት ትረዳዋለች።

ድርቀት አንዱ ጠላት ነው። መደቡ ከክብደቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ውኃ መሆን አለበት። ከደረቀ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ መደቡም ይሰነጠቅና አየሩ በስንጥቁ ሳይጸዳ ይወጣል። ውኃ ሲበዛም መጥፎ ነው፤ ይታፈናሉ።

ሁለተኛው ሙቀትና ብርድ ነው። እርሾ በክረምት እንደሚዘገይ ሁሉ እነሱም ብርድ ላይ ይዘገያሉ። በጣም የጋለ አየር ደግሞ ይቀቅላቸዋል። የሚስማማቸው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው።

ሦስተኛው ኮምጣጣነት ነው። ድኝ የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲድ ነው። እርሾው ከመጠን በላይ ሲኮመጥጥ እንጀራው እንደሚበላሽ ሁሉ፣ አሲዱ ሲከማች መደቡ ይበላሻል። ስለዚህ በውኃ ይታጠባል፣ ኖራም ይጨመርበታል።

አራተኛው መርዝ ነው። ሊጥ ውስጥ በረኪና ቢፈስ እርሾው ይሞታል። ፋብሪካም በድንገት ብዙ መርዛማ ነገር ከለቀቀ መደቡ ይሞታል።

አምስተኛው እርጅና ነው። ብስባሹና እንጨቱ ራሱ እየበሰበሰ ይጠቀጠቃል፤ አየር አላሳልፍ ይላል። በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበት።

የማይችሉት ሥራም አለ። ጥላሸትና አቧራ አይበሉም፤ እንዲያውም መደቡን ይደፍንባቸዋል። እርሳስን የመሰሉ ብረቶችን አያጠፉም። ክሎሪን ያለባቸው ብዙ ኬሚካሎችም ለእነሱ ይከብዷቸዋል። ጋዙ በጣም ሲበዛም አይችሉትም። ስለዚህ «ባዮፊልተር አለን» የሚል ፋብሪካ ሁሉ አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ለሚያወጣው ጋዝ ይስማማል ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ ይመረመራል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ነገር በሥራ ላይ ውሏል ወይ?

አዎን፣ ውሏል። የፍሳሽን ሽታ በአፈር ማጥፋት እንደሚቻል በጀርመን አገር በ1923 ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በአሜሪካም ሪቻርድ ፖምሮይ የተባለ መሐንዲስ በ1957 በዚሁ አሠራር ላይ የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ በካሊፎርኒያም ለፍሳሽ ጣቢያ ሽታ የአፈር መደብ ተሠርቷል። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጀርመንና በሆላንድ በብዙ ፋብሪካዎች፣ በቄራዎች፣ በብስባሽ ማምረቻዎችና በፍሳሽ ጣቢያዎች ተስፋፋ።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በየቀኑ ከመታጠቢያችንና ከሽንት ቤታችን የሚወጣው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፔታሕ ቲክቫ ከቴል አቪቭ፣ ከራማት ጋን፣ ከብኔ ብራቅ፣ ከሆሎንና ከሌሎች ከተሞች ጋር በአንድ የፍሳሽ ማኅበር ውስጥ ናት። የማኅበሩ ትልቅ ማጽጃ ሻፍዳን ይባላል፤ ያለው በሪሾን ለጽዮን በስተደቡብ አሸዋ ላይ ነው። የሚያገለግለው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። እዚያ ውኃውን በዋናነት የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዚያ ውኃው በአሸዋ ውስጥ ይሰርግና እንደገና ተስቦ በነገቭ ለእርሻ ይውላል። ባዮፊልተር ለአየር የሚያደርገውን ሻፍዳን ለውኃ ያደርገዋል። ስለዚህ ዘይት፣ ቀለምና ቲነር ወደ ቦይ መድፋት የለብንም፤ የምንጎዳው እነዚህኑ ሠራተኞች ነው።

በአገራችንም የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በአዲስ አበባና በሞጆ ወንዞችን ሲበክል፣ ሽታውም ሰፈሩን ሲያስቸግር ቆይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፍሳሽ በባክቴሪያ ስለማጽዳት ጥናት አድርገዋል።

ከዚህ አገር ደግሞ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከቤር ሼቫ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ራማት ሖቫቭ የሚባል የኬሚካል ፋብሪካዎች ሰፈር አለ፤ ዛሬ ስሙ ንኦት ሖቫቭ ነው። ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን ለዓመታት ወደ ትልልቅ ኩሬዎች እየለቀቁ በፀሐይ እንዲተን ያደርጉ ነበር። ከኩሬዎቹ የሚነሳው ሽታ ከተማው ድረስ ይደርስ ነበር፤ በቅርብ የሚኖሩት በደዊኖች ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይቸገሩ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ በሽምግልና አለቀ። በ2006 በተደረሰው ስምምነት እያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሹን በገዛ ግቢው እንዲያጸዳ ተወሰነ፤ ከተሠሩት ማጽጃዎች መካከል በባክቴሪያ የሚሠሩ ይገኙባቸዋል።

እዚህ የጸዳው በቀጥታ አየሩ ሳይሆን ውኃው ነው፤ ነገር ግን የሽታው ምንጭ ውኃው ስለነበረ መፍትሔውም ከዚያ ተጀመረ። ልብ አድርጉ፤ የፋብሪካው ሰፈር አልተዘጋም፣ ዛሬም ይሠራል። ሽምግልና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ፊት ለመቅረብ ግን መጀመሪያ አቤት የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

በእስራኤል የንጹሕ አየር ሕግ በ2008 ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። በዚህ ሕግ መሠረት ብዙ የሚበክሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች «ሄይተር ፕሊታ» የሚባል ፈቃድ ማግኘት አለባቸው፤ ፈቃዱ ምን ያህል ጋዝ ብቻ መልቀቅ እንደሚችሉ ይወስናል። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ሕዝቡ ማመልከቻውን አይቶ አስተያየት መስጠት ይችላል። ሕዝብ ማለት እኛም ነን፤ አዲስ ገቢ መሆን ከዚህ አያስቀርም።

መጥፎ ሽታ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ሽታው ምን እንደሚመስል በወረቀት ጻፉ፤ እንቁላል ነው፣ ቲነር ነው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው በሉ። ከዚያ በስልክ 106 ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ወይም በኮከብ 6911 ወደ አካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ደውሉ። ዕብራይስጥ ካልቻላችሁ «ሬያሕ ራዕ» ማለት ይበቃል፤ መጥፎ ሽታ ማለት ነው፤ ከዚያ የመንገዱን ስም ተናገሩ። ልጆቻችሁ ሊረዷችሁ ይችላሉ፤ ሆኖም የአዋቂን ሸክም ሁሉ በልጅ ላይ አንጫን፤ ጎረቤትም፣ የሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኛም አለ። ከመዝጋታችሁ በፊት «ሚስፓር ፕኒያ» ብላችሁ የአቤቱታውን ቁጥር ጠይቁና ጻፉ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ በነፋስ የተነገረ ወሬ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከሚደውል አሥር ቤተሰብ እያንዳንዱ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ቢደውል ይሰማል።

የሚያስል ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ኩፓት ሖሊም ውሰዱት፤ ሽታው መቼ እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሩት። ሕመሙ ከሌላ ነገርም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይመርምረው። ትንፋሹ በጣም ካጠረ 101 ደውሉ።

በፋብሪካ ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ በጉድጓድና በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይተኛል። በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ ሳይሞላ ይሸተናል። ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን አፍንጫችን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሽተት ያቆማል። «ሽታው ጠፋ፣ እንግዲህ እንግባ» ያለ ሰው ሊሞት ይችላል። ጓደኛው ወድቆ አይቶ ሊያወጣው የገባም አብሮት ይሞታል። ስለዚህ አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ወደ ጉድጓድ ግቡ ብትባሉ አትግቡ፤ «ሜሙኔ ብቲሑት»ን፣ ማለትም የደኅንነት ኃላፊውን ጥሩ። ሰው ወድቆ ካገኛችሁም ተከትላችሁ አትግቡ፤ ወደ 102 እሳት አደጋና ወደ 101 ደውሉ።

«ብናገር ያባርሩኛል» ለምትሉ፣ በ1997 የወጣ ሕግ አለ። በሥራ ቦታው ሕግ ሲጣስ አይቶ በቅን ልብ ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን ያመለከተን ሠራተኛ በዚሁ ምክንያት ማባረር ወይም መጉዳት ይከለክላል። ሕጉ ዝርዝር ስላለው ከማመልከታችሁ በፊት ምክር ጠይቁ፤ አቅም ለሌለው «ስዩዓ ሚሽፓቲ» የሚባል የመንግሥት የሕግ እርዳታ ቢሮ አለ።

ውድ ወገኖቼ፣ ፋብሪካው እንጀራ ይሰጠናል፤ አየሩም ሕይወት ይሰጠናል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚላችሁ ካለ አትመኑት። በአፈርና በእንጨት መደብ ውስጥ ጥቂት ውኃ ሰጥተን ከያዝናቸው ቀንና ሌሊት ያለ ደመወዝ የሚያጸዱ ሠራተኞች አሉ። እነሱን ማስፈርና መንከባከብ የባለ ፋብሪካው ግዴታ ነው፤ መቆጣጠር የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሽታው ሲመጣ ዝም አለማለት ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። 106ንና ኮከብ 6911ን ዛሬውኑ በፍሪጃችሁ በር ላይ ለጥፉልኝ። በሰላም ቆዩ።